ከጥርስ ሳሙናው በፊት ውኃውን እወቁ

ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛው የጥርስ ሳሙና እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ «ልጁ ያደገው የት ነው? የሚጠጣው ውኃስ ከየት ይቀዳል?» እላለሁ። ጥያቄን በጥያቄ መመለሴ ደስ የማይላቸው አሉ፤ ይሁን። ፍሎራይድ በውኃም በጥርስ ሳሙናም ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ በልኩ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፣ ሲበዛ ይጎዳል። ውኃው ሳይታወቅ ስለ ፍሎራይድ መምከር በጭፍን መድኃኒት ማዘዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ላለ ፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በአሜሪካ ወደ ቧንቧ ውኃ እንዲጨመር በ2015 እ.ኤ.አ. የተመከረው መጠን 0.7 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ደግሞ ፍሎራይድ የሚጨመረው በገበታ ጨው ላይ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ስምጥ ሸለቆ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ከጣሪያው ያልፋል።

ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ የምትጠጡ ከሆነ አስመርምሩት። ጣዕሙም ሆነ ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም አይነግራችሁም። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይበረታል። የአሸዋና የሸክላ ማጣሪያም አያስቀረውም። የሚያስቀሩት እንደ አጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ) እና ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በረቂቅ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያሉ ዘዴዎች ናቸው። የተጣራው ውኃ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ይቅደም፤ ከሁሉም በፊት ግን የዱቄት ወተት ለሚበጠበጥለት ሕፃን። ጡት የሚጠባው ብዙ አያሰጋኝም፤ በእናት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው።

ጥርሱን ራሳችሁ ለማየት በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ ልጁን ወደ ብርሃን አዙሩት። በግራና በቀኝ ተመሳሳይ በሆኑ ጥርሶች ላይ ነጫጭ መስመር ወይም ደመና መሰል ነገር ከታየ ፍሎራይድ ሊሆን ይችላል፤ ሲበረታ ቡናማ ይሆናል። በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ፣ በድዱ ጠርዝ ወይም በመንጋጋ ጥርሱ ስንጥቅ ውስጥ የታየ ከሆነ መበስበስን ጠርጥሩ። ቡናማውን በኃይል በመፋቅ ለማስለቀቅ አትድከሙ፤ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ስለተጎዳ፣ ከበቀለ በኋላ ወደ ውስጥ የሰረገ ቀለም ነው። በሚታዩት የፊት ጥርሶች ላይ ይህ ጉዳት የሚደርሰው እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው።

የጥርስ ሳሙናው? እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ የምታህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ብሩሹ ላይ የሚያደርገው ትልቅ ሰው ይሁን። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ ከላይ የሚቀረው ይጠቅመዋል፣ የሚጎዳው የሚውጠው ነው። የከረሜላ ጣዕም ያለውን ሳሙና ደግሞ እጁ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።