ባና፣ ሰሌንና አሮጌ ስጋጃ፦ ቤትን በእጅ ሥራ ምንጣፍ ስለ ማሳመር

በደሴም ሆነ በወረኢሉ፣ በአቀስታም ሆነ በወገልጤና፣ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ወይም ቆጥ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ ባና አይጠፋም። ባለቤቶቹ የሚያስታውሱት ብርድ ሲጠና ወይም ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ የሚያድርበት ሲቸግር ነው፤ ሳሎናቸውን ማሳመር ሲፈልጉ ግን ሣጥኑን ሳይከፍቱ በቀጥታ ሱቅ ሄደው በፋብሪካ የተሠራ ደማቅ ምንጣፍ ገዝተው ይመለሳሉ። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ሣጥኑ እንዲከፈት ነው። አንድ ጥሩ አሮጌ ምንጣፍ ከተገኘ የግድግዳው ቀለም፣ የመቀመጫው አቀማመጥና የመጋረጃው ዓይነት ከእሱ ተነሥቶ ይወሰናል፤ ሁሉ ነገር ከተገዛ በኋላ መጨረሻ ላይ ምንጣፍ የሚፈለግ ከሆነ ግን የእጅ ሥራው ከቀረው ዕቃ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ተመልሶ ወደ ሣጥኑ ይገባል።

ለዚህ ሥራ የእያንዳንዱን ምንጣፍ ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባና ከደጋ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ጨርቅ ነው። ጠጉሩ ተሸልቶና ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔው በጠባብ በጠባቡ ይሸምነዋል፣ ከዚያም ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ሰፊ ጨርቅ ይሆናሉ። የደጋው በግ ጠጉር ሻካራ ስለሆነ ገላን ይኮሰኩሳል፤ ይኸው ሻካራነቱ ግን ወለል ላይ ሲነጠፍ ጥንካሬ ይሆነዋል። ያልተነከረ ባና ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ዳለቻ መልኩን ያገኘው ከበጉ ነው፤ በብርሃን ቀርቦ የተመለከተው ሰው ጥቁር በሚመስለው መሃል ወደ ቡና ቀለም የሚያደላ ጠጉርና አንዳንድ ነጭ ክር ያገኝበታል። በእጅ የተፈተለው ክር አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ያለ በመሆኑ ጨርቁ እንደ ታረሰ መሬት ትንንሽ ትልሞች አሉት። ዓይን የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ስለሆነ፣ ባና በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ አበባ የበዛበት መጋረጃና ባለ ብዙ ቀለም ትራስ መጨመር አያስፈልግም።

አጎዛ ጠጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው መቀመጫ፣ ለአልጋ ግርጌ ወይም ለመደብ ተስማሚ ነው። ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል ይሠራል፤ ቀዝቀዝ የሚልና በቀላሉ የሚጠረግ በመሆኑ ለቆላ ቤት ይመረጣል። ሰሌን መግዛት ለሚፈልግ ሰው የባቲ የሰኞ ገበያ ጥሩ ቦታ ነው፤ ከቆላ የሚመጡት አፋሮች ቤታቸውን ሳይቀር በዘንባባ ምንጣፍ የሚሸፍኑ በመሆናቸው የቅጠሉን አሠራር ጠንቅቀው ያውቁታል። ከእነዚህ ሌላ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ለእናቶቻቸው የላኩት ስጋጃ አለ። እሱ የወሎ ሸማኔ ሥራ ባይሆንም ለቤተሰቡ የስደትና የናፍቆት ታሪክ ስለሆነ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለሶላት የተለየው መስገጃ ግን ከዚህ ሁሉ ተለይቶ በክብሩ ይቀመጥ፤ ለጌጥ ተብሎ እግር በሚበዛበት ወለል ላይ አይነጠፍ።

ከገበያ አሮጌ ምንጣፍ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ፈተናዎች ማድረግ ይችላል። ጀርባውን ገልብጦ ሲያይ የፊቱ ንድፍ በጀርባም በግልጽ የሚታይ ከሆነ በእጅ የተሸመነ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ጀርባው በሙጫና በሸራ የተለበጠ ከሆነ ግን በእጅ የተሸመነ አይደለም። ከዘርፉ አንድ ክር ነቅሎ በክብሪት ሲያቃጥል የተቃጠለ ጠጉር የሚሸትና በጣት ሲታሽ ዐመድ የሚሆን ከሆነ የበግ ጠጉር ነው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ የሚደርቅ ከሆነ ሰው ሠራሽ ክር ነው። የተነከረ ከሆነ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሶ ደማቁን ቀለም ለአንድ ደቂቃ ያህል መጫን ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ወደ ነጩ ጨርቅ ከተሻገረ ምንጣፉ ሲታጠብ እርስ በርሱ ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የስፌቱ መስመርና እጥፋቱ በደንብ ይፈተሹ። በስፌት ዳር የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የትኋን ምልክት ስለሆኑ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እንዲህ ያለውን ዕቃ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም።

ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ይመርመር። ሊሾ የተደረገ የሲሚንቶ ወለል፣ በተለይ በደሴ ክረምት፣ ከሥር እርጥበት ይስባል። አንድ ሜትር ያህል ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጎን በፕላስተር ማሸግና ከ24 ሰዓት በኋላ ገልጦ ማየት በቂ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ባናውን በቀጥታ በዚያ ላይ ማንጠፍ ማበስበስ ነው። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲዳሰስ ደረቅ ስለሚመስል፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ሽታው ከመጣ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ወለል መፍትሔው ሰሌኑን ከሥር፣ ባናውን ከላይ አድርጎ መደረብና በየሳምንቱ ሁለቱንም አንሥቶ ማናፈስ ነው።

መደረብ ለመልኩም ይጠቅማል። ሰሌኑ ክፍሉን ከግድግዳው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ድረስ ይሸፍን፤ ከእሱ ያነሰው ባና ሰው በሚቀመጥበት በኩል ይነጠፍ። የዘንባባው ገለባማ ቀለም ለጥቁሩ ባና እንደ ጥለት ዙሪያውን ይታያል። ሶፋ ባለበት ቤት ቢያንስ የፊተኞቹ እግሮች ምንጣፉ ላይ ቢያርፉ መልካም ነው፤ በባዶ ወለል መሃል ብቻውን የተጣለ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ጠባብ ያስመስለዋል። እኔ ግን፣ ቦታ ካለ፣ አንዱን የሳሎን ማዕዘን ከሶፋ ነፃ አድርጎ በግድግዳው ሥር ዝቅ ያለ መደብ ወይም ፍራሽ ማዘጋጀትን እመርጣለሁ። በላዩ አጎዛ፣ ከፊቱ ባና ሲኖር፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ እንግዳ ደገፍ ብሎ ይጫወታል፣ አዛውንቶችም እግራቸውን ዘርግተው ያርፋሉ። የእጅ ሥራ ምንጣፍ ሰው ሲቀመጥበት የሚያምር ዕቃ ነው፤ ማንም እንዳይረግጠው የሚጠበቅ ከሆነ ከሣጥን መውጣቱ ጥቅም የለውም።

የአየሩ ጠባይም መታየት አለበት። ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ለምትገኘው ለደሴና ከዚያም ለሚበልጡት ደጋማ ወረዳዎች ወፍራም ባና ዓመቱን ሙሉ ይስማማል። 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው በኮምቦልቻ ግን፣ በባቲና በቆቦ ደግሞ ይበልጥ፣ ወለሉን ለሰሌን ትቶ ባናውን ግድግዳ ላይ መስቀል ይሻላል። ለመስቀል በምስማር መብሳት አይገባም፤ ክብደቱ በሁለትና በሦስት ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ይቀደዳል። በጀርባው የላይኛው ጠርዝ ላይ የአቡጀዲ ጨርቅ እንደ ቀበቶ ማስገቢያ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶ፣ ለስላሳ ዱላ በውስጡ አሳልፎ፣ ዱላውን በሁለት ማንጠልጠያ ላይ ማሳረፍ ክብደቱን ለጠቅላላው ጨርቅ ያከፋፍለዋል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በየቀኑ የሚያገኘው ቦታ ላይ ግን አይሰቀል፤ ቀለሙ አንድ ጎኑ ብቻ ይገረጣል። ወለል ላይ የተነጠፈውንም በየስድስት ወሩ ማዞር በአንድ በኩል ብቻ እንዳያልቅ ይረዳል።

በወሎ ቤት ቡና ስለማይቀር የረከቦቱ ቦታ አስቀድሞ ይታሰብ። ረከቦቱና የከሰል ምድጃው በሰሌኑ ዳር ወይም ባዶ ወለል ላይ፣ ከባናው አንድ ክንድ ርቀው ይቀመጡ። የበግ ጠጉር ፍም ቢወድቅበት ቶሎ አይነድም፣ ያረረው ጫፉ ተፍቆ ይነሣለታል፤ ሰው ሠራሹ ምንጣፍና ሰሌኑ ግን አደጋ ስላለባቸው ከምድጃው በታች የብረት ትሪ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማኖር ግዴታ ነው። ቄጤማ ለዓውደ ዓመት ሲጎዘጎዝ ባናው ይነሣ፤ እርጥብ ቄጤማ ሌሊቱን ባና ላይ ካደረ አረንጓዴ ዕድፍ ይተዋል። ቡና ከፈሰሰበት በንጹሕ ጨርቅ መጫን እንጂ ማሸት አይገባም፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጨምሮ ደጋግሞ ማርጠብና መጫን ነው። ለወጥ ቅባት ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ለአንድ ሰዓት ማቆየትና መቦረሽ ይረዳል። የጧፍ ሰም ደግሞ እስኪደርቅ ጠብቆ በማንኪያ ተፍቆ ይነሣል።

በእንክብካቤ በኩል የራሴን ጥፋት ሳልናገር አላልፍም። እናቴ የሰጠችኝን ባለ አራት ቁራጭ ጥቁር ባና በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ፣ አፉን አስሬ፣ አልጋ ሥር ለሦስት ዓመት ሳልነካው ተውኩት። ስፈታው ውጫዊው እጥፋት ደኅና ነበር፤ ወደ ውስጥ ስገልጥ ግን ምስር የሚያህሉ ቀዳዳዎች ከእጥፋት እጥፋት እየተከተሉ ወረዱ፣ እጄም ላይ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ነገር ቀረ። ብል በልቶታል። የሚበላው የሚበርረው የእሳት ራት መሰል ነፍሳት ሳይሆን የእሱ ትል ነው፤ ትሉም ጨለማ፣ ጸጥታና ላብ ወይም ምግብ የነካው ጠጉር ይወዳል። እኔ ደግሞ ሦስቱንም አሟልቼ ሰጥቼው ነበር።

ስለዚህ ባና የሚጠበቀው በአገልግሎት ነው፤ የተነጠፈና የሚራገፍ ባና ብል አያድርበትም ማለት ይቻላል። የሚቀመጥ ከሆነ አስቀድሞ ይጽዳ፣ በደረቅ ቀን ፀሐይ ላይ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሁለቱም ፊቱ በዱላ ይመታ፣ እጥፋቱና ስፌቱ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዚያ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ይህ ይደገም። በወይራ ማጠን ጥሩ ጠረን ይሰጠዋል፣ በእጥፋት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም።

እጥበቱ ጊዜ ይመረጥለት። በወሎ ደጋ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለ፣ ወፍራም ባና ታጥቦ ሳይሸት የሚደርቀው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ፣ ሳሙናው ለስላሳ ይሁን፤ ሙቅ ውኃና መታሸት ጠጉሩን ያጠላልፈውና ባናው ይኮማተራል። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ የበግ ጠጉርን ያሟሟዋል። ከታጠበ በኋላ ሳይጠመዘዝ በድንጋይ ካብ ወይም በብዙ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በውኃው ክብደት ስፌቱ ይለቃል።

የለቀቀ ስፌትና ትንሽ ቀዳዳ ሲታይ ትልቅ ሳይሆን ይጠገን። ለጥገናው ናይለን ክር አይሁን፤ ከአሮጌው ጠጉር ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በገበያ ቀን ጠጉር ከሚፈትሉ እናቶች ከባናው ቀለም ጋር የሚቀራረብ ክር ገዝቶ፣ በወፍራም መርፌ ከቀዳዳው ሁለት ጣት ርቆ ካለው ጤነኛ ጨርቅ ጀምሮ አግድምና ቁልቁል መስፋት ነው። የእኔን ባና እንዲህ ጠግነነዋል፤ ሁለቱን ቁራጭ ግን ማዳን ስላልተቻለ ፈትተን አውጥተናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ተገጣጥመው አሁን ከመደቡ ፊት ተነጥፈዋል።