የገና አበባችሁ ዘንድሮ ለምን አልቀላም?

አምና ለገና በስጦታ የመጣው ፖይንሴቲያ ዘንድሮም አለ። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ቀይ የሚባል ነገር ግን የለውም። መክኗል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ቀረ

ያ ቀዩ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለው ትንንሽ ቢጫ ነገር ነው። ቅጠሉ እንዲቀላ ተክሉ በየሌሊቱ 14 ሰዓት ገደማ ጨለማ ይፈልጋል፣ ያውም ለ8 እስከ 10 ሳምንት። ግቢ የተተከለውማ ሌሊቱ ረዘም ሲል ማንም ሳይነካው ይቀላል። ሳሎን ያለው ግን እናንተ ቴሌቪዥን አይታችሁ እስክትተኙ አምፖል ሥር ነው። ለእሱ ገና አልመሸም።

መፍትሄው ካርቶን ነው። ለታኅሣሥ 29 እንዲደርስ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካርቶን ድፉበት። ውጭ ሆናችሁ ዲሴምበር 25 የምታከብሩ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሩ። ቀን ቀን ደግሞ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ጋ ይዋል። "ዛሬን ብቻ ልለፈው" አያዋጣም። እኔ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼ ነው የምደፋው።

አንዱ ጎን ቀልቶ ሌላው እምቢ አለ

የኔ እንዲህ ሆኖ ነበር። በግድግዳው በኩል ያለው ደም መስሏል፣ በበሩ በኩል ያለው ጎመን። ለካ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የበረንዳ መብራት ነው። በማግስቱ ወደ ጓሮ አዛወርኩት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል

ብዙ ጊዜ ውኃ በዝቶበት ነው። ያ የሚያብረቀርቅ መጠቅለያ ቀዳዳ የለውም፤ ውኃው እዚያው ተጠራቅሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። መጠቅለያውን ቅደዱና ጣሉት። አፈሩን በጣት ነክታችሁ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። አፈሩ ደህና ሆኖ ከረገፈ፣ በበር ስንጥቅ የሚገባ ብርድ እንዳይሆን እዩ።

ቀጥኖ ሽቅብ ተመዘዘ

አልተገረዘም ማለት ነው። መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ከመስከረም በኋላ ግን መቀስ አይንካው፤ የሚቀላውን ጫፍ ነው የምትቆርጡት። የቁልቋል ዘመድ ስለሆነ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ጓንት አድርጉ፣ በዚያ እጅ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።