ሞተራችሁ ትኩስ አየር እየሳበ ይሆን? እንዲህ አድርጉ

አዳማ ላይ በቀትር፣ በመኪና ሰልፍ መሃል፣ ነዳጅ ስትረግጡ መኪናችሁ ካንቀላፋባችሁ መጀመሪያ ነዳጁን አትጠርጥሩ። ሞተሩ የሚስበው አየር ግሎ ይሆናል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሞተሩ የሚያገኘው አየር በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ድሮውንም ስስ ነው። ተጨማሪ የምናባክነው የለንም።

መጀመሪያ ለኩ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ስካነር ካገኛችሁ የሚገባውን አየር ሙቀት በቁጥር ያሳያችኋል። ቆማችሁ ሳለ ቢያሻቅብ አትደንግጡ፣ ያለ ነው። ዋናው በፈጣን መንገዱ ወደ ሞጆ ስትነዱ የሚታየው ነው። ያኔ ከውጪው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከበለጠ ደህና ነው፤ አልወርድ ካለ ግን ወደ ሥራ።

ሞተሩ ሲበርድ ኮፈኑን ክፈቱና ከአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) ቤት ተነስታችሁ ቱቦውን በእጃችሁ ተከተሉት። ጫፉ ከፊት፣ ቀዝቃዛ አየር የሚያገኝበት ቦታ መድረስ አለበት። በብዙ መኪኖች ላይ አይደርስም። የእኔ መኪና ፊቷ ተመትቶ ቀጥቃጭ ጋር ከገባች በኋላ ያቺ ፕላስቲክ ቱቦ ሳትመለስ ቀርታ፣ ስድስት ወር ሙሉ የራዲያተሩን ትኩስ ትንፋሽ ስትስብ ከርማለች። እኔ ደግሞ ካንዴላ እቀይራለሁ! የጎደለ ካለ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ኦሪጅናሉን ፈልጉ። የቱቦው ጎማ ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ማሰሪያውንም አጥብቁ።

ያ ክፍቱ ስፖርት ፊልትሮስ? ድምፁ ያምራል፤ እሱን አልክድም። ግን ከሞተሩ ጎን ራቁቱን ተቀምጦ የሚስበው የኮፈን ውስጥ ሙቀት ነው። በእኔ አስተያየት ኦሪጅናሉ ሳጥን ይሻላል። አቧራችንንም አትርሱ፤ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እያያችሁ ቀይሩ።

ካርቡራተር ያላቸው አንዳንድ አሮጌ መኪኖች አየሩን ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያስገባ ትንሽ መዝጊያ አላቸው። ለብርድ አገር የታሰበ ነው። መዝጊያው በትኩሱ አየር በኩል ተጣብቆ ከቀረ አስለቅቁት።

የጭስ ማውጫውን የሚሸፍነው ላሜራ ሲንኳኳ ነቅለው የሚጥሉት አሉ። ቦታው መልሱት፤ ሙቀቱን ከአየር ቱቦው የሚጋርደው እሱ ነው። ቱቦው ላይ ሙቀት የሚመልስ የሚያብረቀርቅ ቴፕ መጠቅለል ትንሽ ይረዳል፣ ተአምር ግን አትጠብቁ። ቱርቦ ላላቸው ደግሞ ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ፊት የተጋገረውን አቧራና ነፍሳት በቀስታ በውሃ ማጠብ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ብላችሁ የቱቦውን አፍ ወደ መሬት አታውርዱት። ክረምት ላይ የአዳማ መንገድ ጎርፍ ሲሞላ ሞተሩ ውሃ ይስባል፤ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይጣመማል።