ቲድሊዊኪ ላይ ፎቶ በማክሮ ስታሳምሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ቲድሊዊኪን ለማታውቁት፣ ጀረሚ ረስተን በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ የግል ዊኪ (ገጾቹ እርስ በርስ የሚያያዙ የማስታወሻ ደብተር) ነው፣ ሁሉ ነገሩ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ውስጥ ነው፣ ሰርቨር ምናምን አይጠይቅም። የፒያሳን የድሮ ቤቶች ፎቶ ሰብስባችሁ ማስታወሻ የምትይዙበት ከሆነ (በ2016 ከፈረሰ በኋላማ ለብዙው ቤት የቀረው ፎቶው ነው) ለእያንዳንዱ ፎቶ ፍሬምና መግለጫ በእጅ ከመጻፍ አንዴ ማክሮ (በስሙ ሲጠራ የተጻፈበትን የሚደግምላችሁ አጭር ኮድ) ሰርቶ በስሙ መጥራት በጣም ይቀላል። ችግሩ ሰው ማክሮ መስራት እንደቻለ ሁሉን ነገር እዛ ውስጥ መጠቅጠቅ ይጀምራል።

ከማክሮውም በፊት ግን የባሰው ስህተት ፎቶውን ጎትቶ ዊኪው ላይ መጣል ነው። እንደዛ ስታደርጉ ፎቶው በቤዝ 64 ወደ ጽሁፍ ተቀይሮ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱም በሲሶ ይጨምራል፣ 3 ሜጋባይት የነበረው 4 ሆነ ማለት ነው። እንደዚህ አይነት 30 ፎቶ ካላችሁ 120 ሜጋባይት ደረሳችሁ፣ እና ሴቭ ባላችሁ ቁጥር ሙሉ ፋይሉ ነው እንደ አዲስ የሚጻፈው፣ አንዲት ፊደል ብቻ ብታርሙም። በሞባይል ዳታ ለሰው መላክማ አይታሰብም። ፎቶዎቹን ከዊኪው ጎን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቲድለር (የዊኪው አንድ ማስታወሻ) ከፍታችሁ ታይፑን ጄፔግ ብላችሁ ካኖኒካል ዩአርአይ የሚባለው ፊልድ ላይ አድራሻውን ጻፉ (ፊልዱ ከፊቱ አንደርስኮር አለው፣ እሱ ከተረሳ አይሰራም)። ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ ፎልደሩንም አብራችሁ ውሰዱ እንጂ ፋይሉን ብቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ ፎቶዬ ጠፋ እንዳትሉ።

ሁለተኛው፣ ከለሩን፣ ጥላውን፣ ፍሬሙን ሁሉ ማክሮው ውስጥ መጻፍ። ማክሮው ክላስ (ፎቶው የየትኛው አይነት እንደሆነ የሚናገር ስም) ብቻ ይስጥ፣ መልኩን ለስታይልሺት ተዉለት። ስታይልሺት ማለት ታይፑ ሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስን ኮድ) የሆነ አንድ ቲድለር ነው፣ የሲስተሙን የስታይልሺት ታግ ካልሰጣችሁት ግን ያ ሁሉ ኮድ ዝም ብሎ ጽሁፍ ነው። የክላስ ስም ስታወጡ ደግሞ «ቀይ» ወይ «ግራ» አትበሉ፣ ነገ ቀዩን ቡናማ ስታደርጉት ስሙ ውሸት ይሆናል። «የድሮ»፣ «ሰነድ»፣ «ካርታ» ይሻላል፣ ሲኤስኤስ የግእዝ ፊደል ይቀበላል እኮ።

ማክሮውን አንድ ቲድለር ላይ ጽፎ ሌላ ቦታ ለምን አልሰራም ማለትም አለ። የማክሮ ታግ ስጡት፣ በአዲሱ ቨርዥን ደግሞ ግሎባል የሚለውን። አለቀ።

ሰው ጸጉሩን የሚነጭበት ግን የዶላር ምልክቱ ነው። ዲፋይን በሚለው ትእዛዝ በሚሰራው የድሮው ማክሮ ፓራሜትሩ (ስትጠሩት የምትሰጡት ነገር፣ ለምሳሌ የፎቶው ስም) በሁለት ዶላር መሀል ይጻፋል፣ ማክሮው ሲጠራ የሰጣችሁት ጽሁፍ እንዳለ እዛ ቦታ ይገባል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.3.0 ጀምሮ የመጣው ፕሮሲጀር (አዲሱ የማክሮ አይነት) ግን ይሄን ነገር አያውቅም፣ እዛ ፓራሜትሩ ቫሪያብል ነው፣ በድርብ የማዕዘን ቅንፍ ነው የሚጻፈው፣ ያውም ዙሪያውን ጥቅስ ሳይደረግ። የድሮ ኮድ ገልብጣችሁ ዲፋይን የሚለውን ብቻ ፕሮሲጀር ብላችሁ ከቀየራችሁት ፎቶው አይመጣም፣ ለምን ዊኪው ከነዶላሩ የተጻፈ ስም ያለው ፎቶ ነው የሚፈልገው፣ እንደሱ የሚባል ደግሞ የለም።

የድሮው ምንም ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም። መግለጫው ላይ ጣይቱ ሆቴል "ከቃጠሎው በፊት" ብላችሁ ጻፉ እንበል (የ2007ቱን ቃጠሎ ማለቴ ነው)፣ የመጀመሪያው ጥቅስ ቱልቲፑን (ማውዝ ፎቶው ላይ ሲያርፍ ብቅ የሚለውን ጽሁፍ) የከፈተውን ጥቅስ ይዘጋዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ቃል ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ከጀመራችሁ በፕሮሲጀር ጀምሩ ባይ ነኝ፣ ማክሮውን ስትጠሩ ደግሞ እንዲህ አይነት መግለጫ ካለ በሶስት ሶስት ጥቅስ ክበቡት። ወይ የኛን « » ተጠቀሙ፣ ኮዱን አይነካውም።

ስፋትም ቁመትም በፒክስል መስጠት ሌላው ነው። ለለገሃር ጣቢያ በወርዱ ለተነሳ ፎቶ ያወጣችሁትን ቁጥር ለአራት ኪሎው ሐውልት ስትሰጡት ሐውልቱ ወፍሮ ቁጭ ይላል። ስታይልሺቱ ላይ ማክስ ዊድዝ 100 ፐርሰንት፣ ሃይት ኦቶ በሉና ተዉት። ፍሎትም (ፎቶውን ወደ ጎን አድርጎ ጽሁፉ እንዲከበው ማድረግ) ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ጽሁፉ ፎቶው ጎን ተጨናንቆ አንድ አንድ ቃል እየሆነ ይወርዳል፣ በሚዲያ ኩዌሪ (በስክሪኑ ስፋት መልክ የሚቀይር የሲኤስኤስ ትእዛዝ) ከ600 ፒክስል በታች ፍሎቱን አጥፉት። የአልት ጽሁፍም ጨምሩ፣ ፎቶው ባይከፈት እንኳን ምን እንደነበር ይታወቃል።

የመጨረሻው የኛ ብቻ ጣጣ ነው፣ የፎቶ መግለጫን ኢታሊክ ማድረግ። የላቲን ፊደል ለኢታሊክ ተብሎ የተሳለ ቅርጽ አለው፣ የግእዝ ፎንቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሌላቸው ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋድለዋል፣ በትንሽ ሳይዝማ «ሐ» ይሁን «ሠ» መለየት ያስቸግራል። ኢታሊኩን ተዉትና ከለሩን ግራጫ አድርጉት፣ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይ ኒያላ በሉት፣ ላይን ሃይቱንም (የመስመሮቹን ርቀት) 1.6 አካባቢ ስጡት።