በሞቃት ባሕር የኮራል መሿለኪያ ያላቸውን የመጥለቂያ ስፍራዎች ስለ መፈለግ

የስኩባ ጠላቂዎች፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ከባሕር በታች የሚዋኙ ሰዎች፣ አጥብቀው ከሚመኟቸው ነገሮች አንዱ ኮራል በሠራው ቅስት ሥር ገብቶ፣ ከጣራው ስንጥቅ የሚወርደውን የፀሐይ ጨረር እያዩ በሌላው ወገን ወደ ክፍት ባሕር መውጣት ነው። እንዲህ ያለ መሿለኪያ ግን ውሃው ሞቃት በሆነበት ሁሉ አይገኝም፤ በጉዞ ማስታወቂያ ላይ ውብ ተብለው የሚቀርቡ ብዙ ሪፎች (ኮራል በባሕር ውስጥ የገነባቸው ቋጥኞች) ሲደርሱባቸው በአሸዋ ላይ የተበታተኑ የኮራል ጉብታዎች ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ስለሆነም ፍለጋው ከአገር ስም ሳይሆን መሿለኪያውን ከሚፈጥረው የተፈጥሮ ሂደት ቢጀምር ይሻላል።

ሪፍ የሚገነቡ ኮራሎች የሚስማማቸው ሙቀት በአብዛኛው ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማዕበል ሳያቋርጥ በሚመታው የሪፍ ጠርዝ ላይ ኮራሉ ወደ ጥልቁ የተዘረጉ ሸንተረሮች እየሠራ ያድጋል፤ በሸንተረሮቹ መካከል ያሉትን ቦዮች ደግሞ ከማዕበሉ ጋር የሚመላለሰው አሸዋ እየፋቀ ክፍት ያቆያቸዋል። የሁለት ጎረቤት ሸንተረሮች አናት ወደ ጎን እያደገ ሲገናኝ ቦዩ ጣራ ያገኝና መሿለኪያ ይሆናል። ሌላው ዓይነት ከዚህ እጅግ የቆየ ነው። ከዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ከአሁኑ በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ በደረቅ ምድር ላይ የቀረውን የኖራ ድንጋይ የዝናብ ውሃ እያሟሟ ዋሻዎችን ፈለፈለ፤ ባሕሩ ሲመለስም ዋሻዎቹ ውሃ ሞላባቸው፣ በአፋቸው ዙሪያም ኮራል በቀለ። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ አጭር፣ ብርሃን የሚገባውና መውጫው ቅርብ ነው፤ ሁለተኛው ጨለማና ረጅም ሊሆን ስለሚችል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሃዋይ የላናይ ደሴት ያሉት ታዋቂዎቹ «ካቴድራሎች» ከሁለቱም አይደሉም፤ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ትቷቸው የሄደ ዋሻዎች ናቸው። ውበታቸው አያከራክርም፣ ነገር ግን ኮራል ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ትክክለኛ ምርጫ አይሆኑም።

ይህን ከተረዱ በኋላ የሳተላይት ምስል ትልቅ ረዳት ይሆናል። የሪፉን የውጭ ጠርዝ አቅርቦ ሲመለከቱት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን የተሰለፉ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከታዩ፣ ጥቁሩ የኮራል ሸንተረር፣ ነጩ ደግሞ የአሸዋ ቦይ ነው። መስመሮቹ የባሕሩ ወለል በድንገት ወደሚዘቀዝቅበት ገደል የሚደርሱ ከሆነ፣ ቦዮቹ በገደሉ ፊት ላይ እንደ መስኮት ተከፍተው የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የግራንድ ካይማን ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማዕበል የሚመታው ጎን ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ይሆናል፤ የሜክሲኮዋ የኮዙሜል ደሴት ዝነኛ ሪፍ የሆነው ፓላንካር የሚገኘው ከነፋሱ በተከለለው ምዕራባዊ ወገን ሲሆን፣ በግዙፍ የኮራል ምሰሶዎቹ መካከል ጠላቂን የሚያሳልፉ ብዙ መተላለፊያዎች አሉት።

ከታወቁት ስፍራዎች ውስጥ ለጀማሪ የምመርጠው በደቡባዊ የግብፅ ቀይ ባሕር የሚገኙትን ሻዕብ ክላውዲያንና የሴንት ጆንስ ዋሻዎችን ነው። ሁለቱም ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ ብርሃኑ በጣራው ስንጥቆች በኩል እስከ አሸዋው ወለል ይደርሳል። ልምድ ያለው ሰው የፊጂን ግሬት ኋይት ዎል ሊያስብ ይችላል፤ በዚያ ጠላቂው በሪፉ ውስጥ ቁልቁል በሚወርድ መሿለኪያ አልፎ በነጭ ለስላሳ ኮራል ወደተሸፈነ ገደል ይወጣል። በሰለሞን ደሴቶች ያለው ሌሩ ከት ወደ ደሴቲቱ ውስጥ የሚገባ ስንጥቅ ሲሆን፣ በጃፓን ያለው የሚያኮ ደሴቶች አካባቢም በቅስትና በዋሻ የታወቀ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው፣ ወንዝ የሌላት የኒዌ ደሴት ደግሞ የዝናቡን ውሃ የኖራ ድንጋዩ ስለሚያጣራው ባሕሯ እጅግ የጠራ ነው።

ስፍራን ከስፍራ ሲያወዳድሩ ከዝናው ይልቅ የመግቢያውንና የመውጫውን ጥልቀት ማስቀደም ይገባል። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ አየር የሚያልቀው በውሃው ገጽ ላይ ከሚያልቅበት በእጥፍ ፍጥነት ሲሆን፣ በ30 ሜትር ግን በአራት እጥፍ ነው። በኮዙሜል ያለው ዴቪልስ ስሮት የተባለው መሿለኪያ የሚያወጣው 40 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም በመዝናኛ ጠላቂነት የመጨረሻ ወሰን ላይ ነው። በግብፅ ዳሃብ፣ ብሉ ሆል በተባለው ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ያለው ቅስት ደግሞ ጣራው ከ50 ሜትር በታች ስለሆነ በተራ አየርና በአንድ ሲሊንደር የሞከሩት ብዙዎች ሞተውበታል። የመጀመሪያው ደረጃ የጠላቂነት ሰርተፍኬት (ኦፕን ዎተር) ያለው ሰው የሚፈቀድለት እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ (አድቫንስድ) ያለው እስከ 30 ሜትር በመሆኑ፣ ከእነዚህ ወሰኖች በታች ያለውን መሿለኪያ ገና ከዝርዝሩ መሰረዝ ይኖርበታል።

ለጠላቂ ድርጅቱ የሚቀርቡት ጥያቄዎችም ከዚሁ የሚነሡ ናቸው። መውጫው ከመግቢያው ላይ ሆኖ ይታያል ወይ? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል ወይ? መሃል ላይ ሌላ መውጫ አለ? ወለሉ አሸዋ ነው ወይስ ሲነካ ውሃውን የሚያደፈርስ ደለል? አንድ መሪ ስንት ሰው ይዞ ይገባል? እነዚህን ሳያመነታ የማይመልስ ድርጅት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አብሮት መግባት የሚያዋጣ አይመስለኝም። መውጫው በማይታይበት ስፍራ መግባት ሌላ ሥልጠና የሚጠይቅ የዋሻ ጠለቃ ስለሆነ፣ የመሪው ልምድ የጠላቂውን ሥልጠና አይተካም።

ወቅቱንም ማመዛዘን ያስፈልጋል። በፓስፊክ ያለችው የፓላው ባሕር ዓመቱን ሙሉ ወደ 28 ዲግሪ ሲጠጋ፣ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በየካቲት አካባቢ ወደ 21 ወይም 22 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ «ሞቃት ባሕር» የተባለው በየትኛው ወር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጣራው ስንጥቅ ላለበት መሿለኪያ የቀትር ሰዓት ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጨረሩ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ያኔ ነው፤ አፉ ወደ ምሥራቅ ለዞረ ግን ጠዋት ይሻላል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት (ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል ቀለሙን አጥቶ መንጣቱ) መከሰቱ በይፋ ስለተገለጸ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችን ማመን አያስፈልግም። ቅስቱ እንዳለ ቢቆይም በላዩ ያለው ኮራል ሞቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ድርጅቱን በቅርብ ወራት የተነሣ ምስል መጠየቅ ነው።

የእጅ ባትሪ መያዝ ግድ ነው። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ጣራ ባትሪ ሲበራበት ብርቱካናማ የጽዋ ኮራልና ቀይ ሰፍነግ ሆኖ ይታያል፤ በመተላለፊያው ታጭቀው የቆሙት ትናንሽ መስታወት መሰል ዓሦችም ለጠላቂው ገለል ብለው መንገድ ከሰጡ በኋላ ከጀርባው መልሰው ይገጥማሉ። የማራገቢያ ቅርጽ ያላቸው ኮራሎች ምግባቸውን ከሚያልፈው ውሃ ስለሚለቅሙ ብዙ ጊዜ የሚበቅሉት በመውጫው አፍ ላይ ነው፤ ወጣሁ ብሎ የቸኮለ ጠላቂ በሲሊንደሩ የሚሰብራቸውም እዚያው ነው። ከጣራው ሥር የሚጠራቀም አረፋም በዚያ የሚኖሩትን ፍጥረታት ስለሚጎዳ፣ አየር በመደበኛነት እየተነፈሱ ሳይዘገዩ ማለፍ እንጂ ትንፋሽን መያዝ በፍጹም አይፈቀድም። በጉዞው የመጀመሪያ ጠለቃ ላይ በክፍት ሪፍ የክብደት ሚዛንን አስተካክሎ፣ ወደ መሿለኪያው በማግስቱ መግባት ይመከራል።