የዶኒ ሃታዌይን የመጀመሪያ አልበም ሲያዳምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን የክረምት ምሽት ረጅም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበስበዋልና፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ጋቢ ደርበን፣ ቡና አስፈልተን፣ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳንነጋገር የማዳመጥ ልማድ ካበጀን ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ምሽቶች ደጋግመን ከሰማናቸው ሥራዎች መካከል እጅግ ያከራከረን፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት፣ አሜሪካዊው የሶል (ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጋር የተዛመደ ዘፈን) ሙዚቀኛ ዶኒ ሃታዌይ እ.ኤ.አ. በ1970 በአትኮ ኩባንያ አማካይነት ያሳተመው የመጀመሪያ አልበሙ «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኤቭሪቲንግ» ነው።

የሃታዌይ ስም ሲነሳ ብዙ አድማጭ የሚያስታውሰው በ1972 ከድምፃዊቷ ሮቤርታ ፍላክ ጋር በቅብብል የዘፈነበትን አልበም፣ በዚያው ዓመት የወጣውን የመድረክ ቅጂ፣ አለዚያም በ1973 የታተመውን «ኤክስቴንሽን ኦፍ ኤ ማን» ነው። ሁሉም የተወደሱት ተገቢ ሆኖ ነው። ዘጠኝ ዘፈኖችን የያዘው የመጀመሪያው አልበም ግን በእነርሱ ጥላ ሥር ቀርቷል፤ ለዚህም ምክንያቱ የሥራው ድክመት ሳይሆን የእኛ የአሰማም ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ።

አልበሙን ኋላ በመጡት ሥራዎች መመዘን

ይህ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። «ዘ ጌቶ» የተሰኘውን ዘፈን አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚሰማው በመድረክ ቅጂው ነው፤ ያ ቅጂ ከ12 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፣ ታዳሚው አብሮ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል፣ ሙዚቀኞቹም በየተራ ችሎታቸውን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ወደ 1970ው የስቱዲዮ ቅጂ የተመለሰ አድማጭ ወደ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋውን ሥራ እንደ ረቂቅ፣ ገና ሥጋ እንዳልለበሰ አጥንት ይቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቅጂዎች የሚነግሩን ነገር አንድ አይደለም። የመድረኩ ቅጂ የአንድ አዳራሽ ደስታ ሲሆን፣ የስቱዲዮው ቅጂ ግን የአንድ ሰፈር ምሽት ነው፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖው ረጋ ብሎ ይመላለሳል፣ የኮንጋ ከበሮው ምቱን ሳይቸኩል ይይዛል፣ ከበስተጀርባ ሰዎች ሲያንሾካሹኩና ሲነጋገሩ ይሰማል፣ በመካከሉም ሕፃን ያለቅሳል። ያ የሕፃን ልቅሶ በአዳራሽ ጭብጨባ ውስጥ ሊኖር የሚችል ነገር አይደለም። ሃታዌይ ጥቁር አሜሪካውያን ተጨናንቀው የሚኖሩበትን ሰፈር ሲዘፍን ስለ ችግሩ ንግግር አላደረገም፤ በር ከፍቶ ወደ ውስጥ አስገባን እንጂ። የመድረኩን ቅጂ የምንወድ ሰዎች መጀመሪያ ይህን በር ማለፍ ይኖርብናል።

ሞቱን በድምፁ ውስጥ መፈለግ

ሃታዌይ በኋለኞቹ ዓመታት በጽኑ የአእምሮ ሕመም ተሠቃይቶ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1979 በኒው ዮርክ ከተማ ገና በ33 ዓመቱ አርፏል። ይህን ያወቀ አድማጭ እያንዳንዱን ዘፈን እንደ ሙሾ መስማት ይጀምራል። በእኛም ዘንድ አንድ ዘፋኝ ካረፈ በኋላ የሠርግ ዘፈኑ ሳይቀር የልቅሶ ይመስለናል፤ ሐዘናችን ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ሥራውን ግን ይሸፍነዋል።

ይህ አልበም ሲታተም ሰውየው የ24 ዓመት ወጣት ነበር። «ሹገር ሊ» የተባለውን ቁራጭ አስተውለው ቢሰሙት ፒያኖው ይጫወታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ በስቱዲዮው ያሉት ሰዎችም እንደ ድግስ ቤት ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ያን የመሰለ ደስታ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በሚመጣ ሞት መነጽር ማየት ለሟቹም ቢሆን አክብሮት አይደለም።

«የሰው ዘፈን ነው የዘፈነው» ብሎ ማሳነስ

ከዘጠኙ ዘፈኖች ሦስቱ አስቀድመው በሌሎች የታወቁ ናቸው። «አይ ቢሊቭ ቱ ማይ ሶል» የሬይ ቻርልስ ነው፤ «ሚስቲ» የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ የኤሮል ጋርነር ድርሰት ነው፤ አልበሙን የሚዘጋው «ቱ ቢ ያንግ፣ ጊፍትድ ኤንድ ብላክ» ደግሞ ድምፃዊቷ ኒና ሲሞን እና ዌልደን ኧርቫይን በ1969 የሠሩት ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በሰው ዜማ የሞላ ሙዚቀኛ የራሱ የሚለው ነገር ስላልነበረው ነው ብሎ ሲከራከር አንድ ሙሉ ምሽት አልፏል።

ለዚህ ክርክር መልሱን ሩቅ አገር ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም። «ትዝታ»ን ያልዘፈነ ታላቅ ድምፃዊ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል፤ ማንም ግን ትዝታን ሲሰማ «ይህ እኮ ከዚህ በፊት ተዘፍኗል» ብሎ አይነሣም። የምንጠይቀው እርሱ እንዴት አድርጎ አዜመው፣ የት ላይ ድምፁን ጣለው፣ የት ላይ አዘገየው፣ የትኛውን ስንኝ መርጦ አስገባ የሚለውን ነው። ድምፃዊው የሚፈተነው ሁሉም በሚያውቀው ዜማ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋልና መደበቂያ የለውም። ለሃታዌይ ይህንኑ ፍርድ ልንነፍገው አይገባም።

በተለይ የመጨረሻውን ዘፈን ልብ ማለት ይገባል። ርእሱ ከፀሐፌ ተውኔቷ ከሎሬይን ሃንስቤሪ የተወሰደ ነው፤ ኒና ሲሞን ጓደኛዋ የነበረችውን ይህችን ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በ34 ዓመቷ ያረፈችውን፣ ለመዘከር የሠራችው ዘፈን ፈጠን ያለ፣ ወጣቶችን ቀስቅሶ የሚያቆም ነው። ሃታዌይ ይህንኑ ዘፈን ወስዶ አዘገየው። ፒያኖው እንደ ጸሎት ቤት ፒያኖ እየተጠነቀቀ ይነሣል፣ ድምፁ ከጆሮ አጠገብ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ሲሞን በእርግጠኝነት ያወጀችውን ነገር እርሱ አንድን ልጅ በጉልበቱ አስቀምጦ እንደሚመክር አባት ቀስ አድርጎ ይናገረዋል። ቃሉ ያው ሆኖ ሰሚው ተለወጠ፤ ሲሞን ለሰልፍ የዘፈነችውን እርሱ ለአንድ ሰው ዘፈነው። ዜማው የተዋሰው ቢሆንም ይህ ሐሳብ የራሱ ነው።

እግረ መንገድ፣ በተቃራኒው የሚፈጸም ስህተትም አለ። ሮቤርታ ፍላክ «ትራይን ታይምስ»ን በ1969 በመጀመሪያ አልበሟ ስለዘፈነችው የእርሷ የሚመስላቸው አሉ፤ ዘፈኑ የሃታዌይና የሊሮይ ሃትሰን ድርሰት ነው።

ከግጥሙ ብቻ ትርጉም መጠበቅ

እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሕዝብ ነን። ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን የሚሮጠው ወደ ስንኙ ነው፤ ኅብረ ቃሉን ካገኘን ዘፈኑን ያገኘነው ይመስለናል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሶልን ለማዳመጥ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ አልበም ላይ ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። «ዘ ጌቶ» ስንኝ ሊባል የሚችል ነገር የለውም፤ ርእሱን የሚደጋግም አዝማችና ቃል የለሽ ዜማ ነው። እንግሊዝኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢሰማውም ተጨማሪ «መልእክት» አያገኝበትም፤ እንግሊዝኛ ባለማወቁ የሚያፍር አድማጭም የቀረበት ነገር የለም።

ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱን አጅበው የሚመለሱት የከተማችን ወጣቶች አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው በሆታ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ሐረጓ አትለወጥም፤ የሚለወጠው የእግሩ አጣጣል፣ የድምፁ መወፈርና መቅጠን፣ አቀባዩ ተቀባዮቹን የሚቀሰቅስበት መንገድ ነው፤ ትርጉሙም የሚወለደው በመደጋገሙ ነው። «ዘ ጌቶ»ን በዚህ ጆሮ ቢሰሙት ምንም የጎደለው ነገር እንደሌለ ይረዳሉ።

በድምፁም ረገድ እንዲሁ ነው። ሃታዌይ ያደገው በሴንት ሉዊስ ከተማ በአያቱ እጅ ሲሆን፣ አያቱ የጎስፔል (የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር) ዘማሪ ነበሩ፤ እርሱም ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ዘምሯል። ስለዚህ አንዲት ፊደል ላይ ብዙ ኖታ ሲደረድር ጌጥ መጨመሩ አይደለም፤ የተናገረውን እየጸለየው ነው። ከመንዝ መጥቶ እዚህ ከተማ ዜማ የሚማር አንድ ጎረቤታችን «ታንክ ዩ ማስተር»ን ስናሰማው ስለ ቃሉ አንዳች ሳይጠይቅ ድምፁ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ በጣቱ እያመለከተ ርክርክ (በያሬድ ዜማ ከድምፅ ምልክቶች አንዱ) መሆኑን ነገረን። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ስህተት ይሆናል፤ የያሬድ ዜማ የራሱ ሥርዓትና ምልክት ያለው ትምህርት ነው፣ ጎስፔልም ከሌላ ሕዝብ መከራና እምነት የበቀለ ነው። ነገር ግን ድፋቱን፣ ቅናቱንና ርክርኩን መለየት የለመደ ጆሮ ሶል በድምፅ እጥፋት የሚናገረውን ለመከተል ከማንም የተሻለ ዝግጅት አለው። የዚያ ዘፈን ሐሳብም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰውየው ሌሊቱን አልፎ በመንቃቱ፣ መኝታው መቃብር ስላልሆነበት ፈጣሪውን ያመሰግናል። ማለዳ «እንዴት አደሩ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን የምንመልስ ሰዎች የምስጋናውን ክብደት በየዕለቱ በአፋችን ይዘነው እንውላለን።

ድምፁን ብቻ ሰምቶ አቀናባሪውን መርሳት

የመጀመሪያ አልበም ሲባል የጀማሪ ሥራ ይመስላል፤ ሃታዌይ ግን ጀማሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተምሯል፤ የአልበሙን ዝግጅት አብሮት የመራውን ሪክ ፓወልንና ሊሮይ ሃትሰንን ያገኛቸው እዚያ ነው። ከዚያም በቺካጎ ለከርቲስ ሜይፊልድ ኩርቶም ኩባንያ አቀናባሪ ሆኖ የሌሎችን ዘፈን ሲያሰናዳ ቆይቷል። አልበሙን ሁለተኛ ጊዜ ሲሰሙ ድምፁን ለጊዜው ተዉትና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ብቻ ይከተሉ። በ«አይ ቢሊቭ ቱ ማይ ሶል» ላይ እንዴት ድምፃዊውን እንደሚመልሱት፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ይስሙ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ባስ ጊታሩን።

ሶልን የሩቅ ነገር አድርጎ ማየት

በአጭሩ ላልፈው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያሳትም አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰማው የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ከአሜሪካ ሶል ጋር ዘመድ ነበር። ያንን ዘመን የሚወድ ሰው ይህን አልበም እንደ ባዕድ የሚሸሽበት ምክንያት አይታየኝም።

ቆራርጦና በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት

እኔ አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ አስቀድቼ፣ ቅደም ተከተሉ ተበታትኖ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በስልኬ ነው። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ የመኪናው ጩኸት ባሱን ጨርሶ ዋጠው፤ «ዘ ጌቶ»ም መሐል ላይ ተቆረጠ። በወቅቱ የፋይሉ ብልሽት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ አልበሙን ለረጅም ጊዜ አላነሣሁትም፤ ያ ሁሉ ጊዜ መባከኑ ዛሬም ይቆጨኛል።

አልበሙ ለሸክላ የተሠራ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ አምስት፣ በሁለተኛው አራት ዘፈን አለ። የመጀመሪያው ገጽ በ«ሹገር ሊ» ጨዋታ ያልቃል፤ ሁለተኛው በ«ትራይን ታይምስ» ችግር ይከፈትና በምስጋና፣ ከዚያ በሰፈሩ፣ በመጨረሻም ለልጆች በተነገረ ተስፋ ይዘጋል። ይህ አካሄድ ሲበታተን ዘጠኝ ዘፈን ይቀራል፤ አልበሙ ግን አይኖርም። በስልክም ቢሆን ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ በተራው መስማት ይቻላል። እኛ ቤት የመጀመሪያውን ገጽ በአቦሉ እንሰማለን፤ ቶናው እስኪደርስ ዝም እንላለን፤ ከቶናው ጋር ሁለተኛውን እንጀምራለን። በረካው ሲቀዳ አንድ ሰው ሳይጠየቅ ተነሥቶ ያንን የሰባት ደቂቃ ምሽት፣ ሕፃኑ የሚያለቅስበትን፣ እንደገና ይከፍተዋል።