የራዲያተር ልክ ከማጽደቃችሁ በፊት

የሕንፃ የሙቅ ውኃ ማሞቂያ በሶፍትዌር የምትነድፉ ሁሉ፣ ፕሮግራሙ የመረጠላችሁን ራዲያተር (ሙቅ ውኃ እያለፈበት ክፍሉን የሚያሞቅ መሣሪያ) ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የፕሮጀክቱን ፋይል ቅጂ ክፈቱ፤ የክፍሎቹን የሙቀት ፍላጎት ሳትነኩ የሚገባውንና የሚመለሰውን ውኃ ሙቀት ከ75/65 ወደ 55/45 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጡና እንደገና አስሉ። ራዲያተሮቹ እጥፍ ገደማ ካላደጉ፣ በአምራቹ ካታሎግ የተጻፈው ዋት (የማሞቅ ኃይል) የውኃው ሙቀት ቢለያይም እንደማይለወጥ ቁጥር ሆኖ ገብቷል ማለት ነው።

ካታሎግ ላይ የሚታተመው ኃይል በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 442 መሠረት የሚለካው ውኃው 75/65፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ነው። የውኃው አማካይ 70 ስለሆነ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ይበልጣል። በ55/45 ግን ብልጫው 30 ብቻ ነው። ኃይሉ ደግሞ ከዚህ ልዩነት ጋር በእኩል መጠን አይወርድም፤ የልዩነቱ ምጥጥን (30/50) ከፍ የሚልበት አርቢ (ኤክስፖነንት) 1.3 ገደማ ስለሆነ 1000 ዋት የተባለው ራዲያተር ወደ 515 ዋት ያሽቆለቁላል። ውኃውን ብዙ ሳያግል በሚሠራው በሙቀት ፓምፕ በሚሞቅ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ቧንቧዎቹን በማየት ስህተቱን አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ። በሁለቱም ስሌት በሚገባውና በሚመለሰው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ያው 10 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ፍሰቱም የቧንቧው ስፋትም ከሞላ ጎደል አይለወጥም፤ ሥዕሉ ሁሉ ትክክል መስሎ ይታያል።

ለወለል ውስጥ ማሞቂያ ግን ይህን ፈተና አትጠቀሙ፤ የዚያ አርቢ ወደ 1.1 ይጠጋል፣ 55 ዲግሪም ለወለል ይበዛል። ማራገቢያ ላላቸው ማሞቂያዎችም የአምራቹን ሰንጠረዥ ተከተሉ።